ከክረምት በኋላ አልነሳ ያለ ፕሮላያንት ሰርቨር፦ 162፣ 163፣ 207፣ 1789፣ 1794

ላብ_ቴክኒሺያን · መስከረም 8፣ ጠዋት 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ላብ ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ የቆየ ሰርቨር አለን፤ ኤችፒ ፕሮላያንት ዲኤል 380 ጂ5። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የተማሪ ውጤት በሙሉ እሱ ላይ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ አጥፍተነው ሄድን። ትናንት ስናበራው አልነሳም።

ፋኖቹ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻሉ፤ ስክሪኑ ላይ ስህተት ይደረድራል። አቧራ ነው ብዬ ከፈትኩት። በብሎወር አጸዳሁት። ሜሞሪዎቹን አውጥቼ እግራቸውን በላጲስ ጠረግኩ። 4ቱንም ሃርድ ዲስክ አውጥቼ አራግፌ መለስኩ። አሁን ጭራሽ ብሶበታል። የሚያሳየው እንዲህ ነው፦

162 – ሲስተም ኦፕሽንስ ኖት ሴት (የማሽኑ ማስተካከያ አልተሞላም)
163 – ታይም ኤንድ ዴት ኖት ሴት (ሰዓትና ቀን አልተሞላም)
207 – ኢንቫሊድ ሜሞሪ ኮንፊገሬሽን (የሜሞሪው አቀማመጥ ልክ አይደለም)
1794 – የአሬይ አክሰለሬተሩ (የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርዱ ጊዜያዊ ሜሞሪ) ባትሪ ቻርጅ አነስተኛ ነው
1789 – ድራይቭ አይመልስም፤ ቁጥር 2 እና 4

ከታች ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2 ተጫን ይላል። እዚያው ላይ ቆሟል። ያለኝ ባክአፕ የጥር ነው፤ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ውጤት የለበትም። ትራንስክሪፕት የሚፈልጉ ልጆች ሪከርድ ክፍል በር ላይ ቆመዋል። እባካችሁ ምን ላድርግ?

ፈጣን_መልስ · መስከረም 8፣ ጠዋት 3:32

ወንድሜ፣ ኤፍ 2 ተጫንና እለፈው። እኔ ጋ ያለው ሰርቨርም እንደዚህ ሲል ኤፍ 2 ብዬው ነው የተነሳው። ከዚያ ባትሪ ቀይርለት።

ካቻቢቴ · መስከረም 8፣ ጠዋት 3:41

ኤፍ 2 እንዳትጫን! ምንም ሳትነካ ማብሪያውን ይዘህ አጥፋው። ከዚያ ተመልሰህ አንብብ።

1789 ዲስኮቹ ሞተዋል አላለም። ኮንትሮለሩ (ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ካርድ) «2ን እና 4ን ጠራኋቸው፤ አልመለሱልኝም» እያለህ ነው። ኤፍ 1 ከተጫንክ አሬዩ (እንደ አንድ የተያያዙት ዲስኮች) እንደተዘጋ ይቀጥላል፤ ዲስክ ላይ የሚነካ ነገር የለም። ኤፍ 2 ከተጫንክ ግን «ያልመለሱትን እንደ ወደቁ ቁጠራቸው» ማለትህ ነው። ዲስኮቹ የተያያዙበት ዘዴ (ሬይዱ) ሬይድ 5 ከሆነ አንድ ዲስክ ቢጎድል ይሠራል። ሁለት ከጎደለ አበቃ።

ፈጣን_መልስ፣ ያንተ አንድ ዲስክ ብቻ ጎድሎ ነበር ማለት ነው፤ ለዚያ ነው የተነሳልህ። እዚህ የጎደሉት ሁለት ናቸው።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። 1789፣ ሁለት ዲስክ። ሰዉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቸኩዬ ኤፍ 2 አልኩት። በኋላ ስከፍተው የላላ ኬብል ነበር። ኬብሉን ሳጠብቀው ዲስኮቹ ሁለቱም አረንጓዴ አበሩ። አሬዩ ግን ወድቋል ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። የደመወዝ መዝገቡ ከወረቀት እንደገና ተጻፈ። ሂሳብ ክፍል ያሉ ሦስት ሴቶች እስከ ምሽት እየቆዩ ሲያስገቡ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም።

አሁን ሦስት ነገር ንገረኝ። ሬይዱ ስንት ነው? ከመክፈትህ በፊት ከነዚህ ውስጥ የነበሩት የትኞቹ ናቸው? ሜሞሪዎቹን ስትመልስ የት የት ሰካሃቸው?

ላብ_ቴክኒሺያን · መስከረም 8፣ ጠዋት 4:05

አጠፋሁት ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህት ነኝ። ጣቴ ኤፍ 2 ላይ ሊያርፍ ነበር።

ሬይድ 5 ነው። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ክዳኑ ላይ በማርከር ጽፎታል።

ከመክፈቴ በፊት የነበሩት 162፣ 163 እና 1794 ናቸው። ያኔ ኤፍ 1 ስጫን ያልፍ ነበር፤ ግን ሲስተም ያለበት ዲስክ አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። 207 እና 1789 የመጡት ከከፈትኩት በኋላ ነው።

ሜሞሪው 2 ባለ 2 ጊጋ እና 2 ባለ 1 ጊጋ ነው። ትልልቆቹን ቁጥር 1 እና 3 ላይ እንደነበሩ መለስኳቸው። ትንንሾቹን ግን አላስታወስኩም፤ 5 እና 6 ላይ ጎን ለጎን ሰካኋቸው። ዲስኮቹንም የቱ የት እንደነበረ አልጻፍኩም። ይህ ነው ያስጨነቀኝ።

ካቻቢቴ · መስከረም 8፣ ጠዋት 4:30

ይቅርታ እህቴ። መልስሽ ግማሹን ሥራ ጨረሰልን። አምስት ስህተት ቢደረደርም አምስት ብልሽት የለም። ለሁለት ክፈያቸው፤ ሳትነኪው የነበሩትና ከነካሽው በኋላ የመጡት። የኋለኞቹን እጅ ነው ያመጣቸው፤ እጅ ይመልሳቸዋል። ከነሱ ጀምሪ።

መጀመሪያ ሁለቱንም የኃይል ገመድ ንቀይ። ይህ ማሽን ሁለት ፓወር ሰፕላይ ነው ያለው፤ አንዱን ብቻ ብትነቅይ በሌላው እየሠራ ነው። ከነቀልሽ በኋላ ማብሪያውን አንድ ጊዜ ተጫኚው፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። እናንተ ጋ ብርድ ነው፤ የሱፍ ሹራብ ለብሰሽ ከሆነ አውልቂው። እጅሽ ሜሞሪ ከመንካቱ በፊት የሳጥኑን ብረት ይንካ።

207። ይህ ማሽን ሜሞሪ በጥንድ ነው የሚቀበለው። ጥንዶቹ ግን ጎን ለጎን አይደሉም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 1 ከ3 ጋር ነው፣ 5 ከ7 ጋር፣ 2 ከ4 ጋር፣ 6 ከ8 ጋር። ክዳኑን ገልብጪው፤ ሥዕሉ አለበት። ቁጥሮቹ አጠገብ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚሉ ፊደላት አሉ። አንድ ፊደል አንድ ጥንድ ነው። አንቺ 5 እና 6 ላይ ስትሰኪ ግማሽ ቢ እና ግማሽ ዲ ሆነብሽ። ትልልቆቹ 1 እና 3 ላይ ይቆዩ፤ ትንንሾቹን 5 እና 7 ላይ አድርጊ። ሁለቱም ጆሮ ጠቅ ብሎ መዘጋት አለበት።

ሜሞሪ ስትገዙም ልብ በሉ። የዚህ ማሽን ሜሞሪ ተለጣፊ ወረቀቱ ላይ ፒሲ2-5300 ከሚለው ቀጥሎ የኤፍ ፊደል አለበት። የዴስክቶፑ ዲዲአር 2 ርዝመቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ጎድጓዳው ግን ሌላ ቦታ ነው። በጉልበት ለማስገባት የሞከረ ሰው ማስገቢያውን ሰብሮታል።

1789። የዲስኮቹ ቅደም ተከተል አያስጨንቅሽ። የዚህ ኮንትሮለር ጥሩነቱ የአሬዩን መረጃ ራሳቸው ዲስኮቹ ላይ መጻፉ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ፣ 4ቱም ሙሉ ሆነው ቦታ ቢለዋወጡ ያውቃቸዋል። ማሽኑ እየሠራ እያለ ግን ቦታ እንዳታለዋውጪ። አሁን 4ቱንም አውጪ። የስልክሽን መብራት ይዘሽ ውስጥ ድረስ እዪ። ማያያዣው ላይ ምን አለ? ዲስኩ ሲገባ ከጎረቤቱ እኩል ይተኛል?

አራዳ_ሃርድዌር · መስከረም 8፣ ጠዋት 4:52

እኔ በበኩሌ ይህን ማሽን ማስታመሙ አይታየኝም። በፈረንጆቹ 2006 የወጣ ሞዴል ነው። መብራት ይበላል፣ ይጮኻል፣ ዕቃው ደግሞ ያገለገለ ብቻ ነው የሚገኘው። ለውጤት መዝገብ አንድ ደህና ዴስክቶፕና ሁለት ዲስክ ይበቃል።

ካቻቢቴ · መስከረም 8፣ ጠዋት 5:01

እውነትህን ነው፤ አልከራከርህም። ግን መዝገቡ አሁን ያለው እዚህ ማሽን ሆድ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ይውጣ፤ ጡረታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · መስከረም 8፣ ከሰዓት 8:15

ቨርጂኒያ ዳታ ሴንተር ውስጥ የማታ ተረኛ ነኝ፤ እዚህ ገና መንጋቱ ነው። ጋሽ ካቻቢቴ ሁሉንም ብሎታል። ሁለት ነገር ልጨምር።

ሲነሳልሽ አይኤምኤል የሚባለውን የውስጥ መዝገብ እዪው። ማሽኑ የደረሰበትን የሃርድዌር ችግር በተራ ይጽፋል። ባትሪው ስለሞተ ቀኖቹ የተዛቡ ይሆናሉ፤ ተራውን ብቻ ተከተይ። ፋን ወይም ፓወር ሰፕላይ ቀድሞ ተጽፎ ካገኘሽ እዚህ አምጪው።

ሁለተኛው የከፍታ ጉዳይ ነው። አምራቹ ይህን ማሽን እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይችላል ይላል፤ ያ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። በየ305 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ስለዚህ ወደ 9 ዲግሪ ይቀንሳል። 26 ዲግሪ ቀረልሽ ማለት ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የነዚህ ማሽኖች ሜሞሪ ደግሞ ከመጠን በላይ ይግላል። ከተማው ብርድ ነው ተብሎ የተዘጋ መጋዘን ውስጥ እንዳይቀመጥ።

ላብ_ቴክኒሺያን · መስከረም 8፣ ከሰዓት 10:40

ተነሳ!! ማለቴ፣ ዲስኮቹ ተነሱ። በተራ ልንገራችሁ።

ሜሞሪዎቹን 5 እና 7 ላይ አደረግኳቸው። 207 ጠፋ። ቀድሞ 4 ጊጋ ይል የነበረው አሁን 6 ጊጋ ይላል።

ዲስክ 2 እጀታው ተዘግቷል፤ ግን በጎን ሳየው ከጎረቤቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሏል። እጀታውን ሙሉ በሙሉ ሳልከፍት ነበር የገፋሁት ለካ። ከፍቼ እስከ መጨረሻው ገፍቼ ስዘጋው ጠቅ አለ። የበፊቱ ያንን ድምፅ አልሰጠም ነበር።

ዲስክ 4 ሌላ ነው። በስልክ መብራት ሳይ ማያያዣው ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ተለጣፊ ወረቀት ነው፤ ከዲስኩ ጀርባ ተላጦ ታጥፎ የማያያዣውን ግማሽ ሸፍኖታል። በብሎወሩ ንፋስ የተላጠ ይመስለኛል። በወረንጦ ሳወጣው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሳበራው 1789 የለም። አንድ አዲስ ቁጥር ግን መጣ፤ 1724። ይህስ ምንድን ነው? እዚያው ላይ ትቼዋለሁ፤ ምንም አልነካሁም።

ካቻቢቴ · መስከረም 8፣ ከሰዓት 10:48

እሰይ! 1724 የምሥራች ነው። «ዲስኮቹ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ አውቄያቸዋለሁ፤ መዝገቤን አስተካክያለሁ» ነው የሚለው። 4ቱንም አግኝቷል። በይ እለፊው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሕመም እንመለስ። 162 እና 163 አንድ ምክንያት ነው ያላቸው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ሲአር 2032 ትባላለች፤ 3 ቮልት። ገመድ ተነቅሎ ሁለት ወር ተኩል ሲቀመጥ ሰዓቱንም ማስተካከያውንም የያዘችው እሷ ናት። እሷ ስትሞት ማሽኑ ሁሉን ረስቶ ወደ ፋብሪካው አመል ተመለሰ። በዚያ አመል ደግሞ ሲነሳ መጀመሪያ ሲዲ፣ ከዚያ ፍሎፒ፣ ከዚያ ፍላሽ፣ ከዚያ ሃርድ ዲስክ ነው የሚፈልገው። ዲስክ አላገኘሁም ያለሽ ለዚህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሲዲ ማጫወቻውንና የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ሁሉ እዪ፤ ከኋላ ያሉትንም ጭምር።

ላብ_ቴክኒሺያን · መስከረም 8፣ ከሰዓት 11:10

ጋሼ! ከኋላ ፍላሽ ተሰክቷል። ጥቁር፣ ከገመዶቹ መሀል የተደበቀ። የፕሪንተር ሶፍትዌር ያለበት ነው፤ ሰኔ ላይ ማን እንደሰካው እግዜር ይወቀው። ነቀልኩት። ኤፍ 9 ተጭኜ ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ቀንና ሰዓት አስገባሁ። ዊንዶውሱ ተነሳ። የውጤት ፎልደሩን ከፈትኩት፤ የሰኔው ሁሉ አለ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ባትሪዋን በቴስተር ለካኋት። 1.9 ቮልት። ነገ እገዛለሁ።

ካቻቢቴ · መስከረም 8፣ ከሰዓት 11:15

ደስ ብሎኛል። አሁን ከምንም በፊት ውጤቱን ወደ ውጭ ዲስክ ኮፒ አድርጊ። ባትሪ ሳትቀይሪ፣ ማሽኑን ሳታጠፊ። ዩኤስቢው ባለ 2.0 ነው፤ ይጎተታል፤ ታገሺው።

ላብ_ቴክኒሺያን · መስከረም 9፣ ጠዋት 2:50

የመጀመሪያው ኮፒ ማታ አልቋል። ዛሬ ግን ሌላ ችግር መጣ። መምህራኑ ከራሳቸው ኮምፒውተር መግባት አልቻሉም። «በሰርቨሩና በኮምፒውተሩ መካከል የሰዓትና የቀን ልዩነት አለ» የሚል ነገር ይወጣል። የይለፍ ቃላቸው ትክክል ነው። ሰርቨሩ ላይ ራሴ ስገባ ይገባል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · መስከረም 9፣ ጠዋት 3:02

እህቴ፣ ትናንት ኤፍ 9 ስትገቢ ሰዓቱን ስንት ብለሽ አስገባሽ?

ላብ_ቴክኒሺያን · መስከረም 9፣ ጠዋት 3:06

11 ሰዓት ገደማ ነበር፤ 11:02 ብዬ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · መስከረም 9፣ ጠዋት 3:12

እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ 11:02 በእኛ አቆጣጠር ነው። ማሽኑ 24 ሰዓት በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ 17:02 መሆን ነበረበት። አሁን ሰርቨሩ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። የዊንዶውስ ዶሜይን መግቢያ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሚፈቅደው የኔትወርክ መግቢያ፣ በተለመደው አሠራሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይቀበልም። ማሽንሽ ምንም አልሆነም። ዊንዶውሱ ላይ አስተካክይው፤ የሰዓት ቀጠናውም ናይሮቢን ይዞ 3 ሰዓት የተደመረበት መሆኑን እዪ። ቀኑንም እንዲሁ በፈረንጅ አቆጣጠር አረጋግጪ። ከዚያ መምህራኑ ኮምፒውተራቸውን አጥፍተው ያብሩ።

አገር ቤት ስሠራ ይህን ራሴ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ባትሪ የቀየረ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ይይ።

ላብ_ቴክኒሺያን · መስከረም 9፣ ጠዋት 3:40

ገቡ! ሁሉም ገቡ።

አሁን የቀረው 1794 ነው። ሌሊቱን ሙሉ በርቶ አድሯል፤ ግን ባትሪው ቻርጅ አላደረገም ይላል። ኮፒውም በጣም ቀርፋፋ ነበር።

ካቻቢቴ · መስከረም 9፣ ጠዋት 4:00

1794 ሌላ ባትሪ ነው፤ ከክቧ ጋር እንዳታምታቺው። የሬይድ ኮንትሮለሩ፣ የፒ400 ካርዱ ባትሪ ነው። ካርዱ የሚጻፈውን መረጃ ለጊዜው በራሱ ሜሞሪ ይይዛል። መብራት ድንገት ቢጠፋ ያንን መረጃ የሚጠብቀው ይህ ባትሪ ነው። ባትሪው ከሌለ ካርዱ መያዙን ያቆምና ሁሉን ነገር ቀጥታ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ እሱ ላይ ሲጻፍ ይዘገያል፤ ኮፒውን ያዘገየው ግን ያልኩሽ ዩኤስቢ ነው። ውጤቱ ግን ምንም አይሆንም።

ለወደፊት ሁለት ቁጥር ያዢ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ 1792 ካየሽ፣ ባትሪው የያዘውን መረጃ አድኖ ወደ ዲስክ እየጻፈ ነው። 1793 ካየሽ ባትሪው አልቆ መረጃው ጠፍቷል፤ ያን ቀን የገባውን ውጤት ከወረቀቱ ጋር አመሳክሪ።

ለጥቂት ሰዓት በርቶ ካልሞላ ባትሪው አርጅቷል። ማሽኑን ስታጠፊ አውጥተሽ እዪው። ሆዱ ካበጠ አትመልሺው። አትውጊው፣ እሳት ውስጥም አትጣይው። ማሽኑ ያለሱ ይሠራል።

ላብ_ቴክኒሺያን · መስከረም 10፣ ጠዋት 4:25

ትናንት ከሰዓት አጠፋሁት። የኮንትሮለሩን ባትሪ አወጣሁ። አረንጓዴ ላስቲክ ለብሶ አራት እንክብል ተደርድሮበታል፤ ሁለቱ አብጠው ላስቲኩን ወጥረውታል። አልመለስኩትም። ክቧን ባትሪ ከአንድ ሰዓት ጠጋኝ ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ አስለክቼ ነው የወሰድኩት፤ 3.2 ቮልት።

ከዚያ ገመዱን ነቅዬ ሆን ብዬ ሌሊቱን አሳደርኩት። ዛሬ ጠዋት ሳበራው 162ም የለም፣ 163ም የለም። ሰዓቱ ትክክል ነው፤ በፈረንጅ። አይኤምኤሉንም አየሁ፤ ፋንም ፓወር ሰፕላይም አልተጻፈበትም።

ዲስኮቹ ላይ በማርከር 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብዬ ጻፍኩ። የሜሞሪውን ሥዕል በስልኬ አንስቼ አትሜ መደርደሪያው ላይ ለጠፍኩት። ኤፍ 2 አትጫኑ የሚለውን ደግሞ በቀይ ጽፌ ስክሪኑ ጎን ላይ።

አራዳ_ሃርድዌር፣ ያልከውን ለርእሰ መምህሩ ነግሬያቸዋለሁ። ለዴስክቶፑ ደብዳቤ ጻፊ ብለውኛል።

ሪከርድ ክፍል ትራንስክሪፕት ማተም ጀምሯል። ሁለተኛውን ኮፒ ቤት ለሚቀመጥ ዲስክ እየገለበጥኩ ነው፤ 61 በመቶ ደርሷል። መብራት እስካሁን አልጠፋም።